ያልተቆጠሩት ወንዶች

ለእህቴ ጋብቻ ሰባት ቤቱን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። በእኛ በኩል ሁለት ወገኖች ሊጋቡ ሲያስቡ፣ ዝምድና እንዳይገኝባቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ ዘር ይቆጥራሉ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በቃል ያልቃል። የሙሽራው አባት ግን አንበሳሜ ላይ እህል የሚነግዱ፣ ያላዩትን የማያምኑ ሰው ስለነበሩ “በወረቀት ይስፈርልኝ” አሉ። ሥራው ለእኔ ደረሰ። እጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ ዝም ብዬ መስማትም እችላለሁ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱ ሽማግሌ የነገሩኝን ከሌላው ጋር አስተያየሁ፤ የማይገጥም ስም ባገኘሁ ቁጥር ተመልሼ ሄጄ ጠየቅሁ። መጀመሪያ በእርሳስ ጻፍኩት፤ መስመሩን በማስመሪያ አሰመርኩ፤ በመጨረሻ በሰማያዊ እስክርቢቶ ገለበጥኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የቅርቦቹን የልደት ዓመት እንኳ ከስማቸው ጎን አሰፈርኩ። አንዱን ቅጂ ለሙሽራው አባት ሰጠን፣ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። እርሳቸው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና፣ “ይሄ ልጅ ቢማር ኖሮ ዳኛ ይሆን ነበር” አሉ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ያወቅሁት ሐኪሙ አንብቦ በሚተዋቸው መጻሕፍትና ሽፋኑ በተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ሐኪሙ ከሌላ ክልል የመጣ ጠቅላላ ሐኪም ነበር፤ ጉንፋኑንም፣ የተሰበረውንም ክንድ፣ ስኳሩንም፣ ግፊቱንም የሚያየው እሱ ነው። አንድ ክረምት ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ስለ ዘረመል ሕክምና ብቻ የሚያወራ ሰው ሆነ።

“ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን በሽታ ድሮ የሚጠይቀው ትልቅ ሆስፒታል ብቻ ነበር” አለኝ። “አሁን እንደ እኔ ያለው ተራ ሐኪምም ይጠይቅ እየተባለ ነው።”

“በምን መሣሪያ?”

“መሣሪያው እዚህ የለም። ናሙና ልላክ ብትል አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ከዚያም ባሕር ይሻገራል። እኛ ያለን እስክርቢቶ ነው። አትናቀው፤ የምርመራው ግማሽ እሱ ነው።”

እስክርቢቶው ለእኔ ተሰጠኝ። በሽተኛው ካርድ ሲያወጣ ሦስት ትውልዱን እጠይቅና በወረቀት ላይ እነድፋለሁ። ወንድ አራት ማዕዘን ነው፣ ሴት ክብ ናት። የታመመው ይጠቆራል፤ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ መስሎኝ ነበር።

ሰዎቹ ግን ይዋሹ ነበር። ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ የሚሰጡኝ የመጀመሪያ መልስ “በቤታችን በሽታ የለም” የሚል ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ የመጣች አንዲት ሴት፣ የእናቷ ሁለት እህቶች በምን እንደሞቱ ስጠይቃት “በሰው ዓይን” አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷ እግሯን ስትረግጣት አይቻለሁ። ሌላው ያላገቡ ሴት ልጆች አሉን፣ ስም ይወጣባቸዋል ይላል። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ሳይደብቅ የነገረኝ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሙስሊም ነው። “አባቴ ስኳር ነበረበት፣ እናቴ ስኳር ነበረባት፣ እኔም አለብኝ” አለኝ። “ስኳር የጠፋው ከሱቄ ብቻ ነው።” የቀሩት ግን እየሞቱ ስም ይጠብቃሉ። ካርዳቸውን ወደ መደርደሪያው ስመልስ እጄን መታጠብ ያምረኝ ነበር።

የእኛ ቤት ግን ንጹሕ ነበር። ለጋብቻው የጻፍኩትን አውጥቼ በአዲሱ ሥርዓት ስነድፈው አንድም የጠቆረ ምልክት አልወጣበትም። ሐኪሙ መስመሩን ወደደው፤ ለነርሷ ማሳያ ይሁን ብሎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

እህቴ አንድ እሑድ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከባሏ ቤት አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሐኪሙ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ካርድ ክፍል ገባና “እንኳን ማርያም ማረቻት” አለኝ። አነጋገሩን ከእኛ ነው የለመደው።

“ግርዛቱ መቼ ነው?”

“በስምንተኛው ቀን ነው። እሑድ።”

ግድግዳው ላይ ያለውን ንድፌን እያየ ቆመ። ሻዩን አልጠጣም።

“የእናትህ እናት አራት ሴት ልጆች አሏት። ወንድ የለም?”

“የለም። የሴት ቤት ነው የሚሉን።”

“በሁለተኛዋና በሦስተኛዋ መካከል ስድስት ዓመት አለ። ለምን?”

“አላውቅም።”

“እናትህ አንተን የወለደችው ባገባች በስንተኛው ዓመት ነው?”

“በአራተኛው።”

“ዓመቱን ባትጽፈው ኖሮ አላየውም ነበር” አለ። “ሂድና በመካከል የሞተ ልጅ እንዳለ ጠይቃት። ምናልባት ምንም አይደለም።”

በምሳ ሰዓት ቤት ሄድኩ። እናቴ ለእሑዱ ድግስ የምትወስደውን ምስር ትለቅማለች። ሳልቀመጥ “እማየ፣ ከእኔ በፊት ልጅ ወልደሽ ነበር?” አልኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። “ማን ነገረህ?” አለች። የለም አላለችም።

አንድ ወልዳ ነበር። ወንድ። በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ደሙ አልቆም አለ፤ በማግስቱ ሞተ። አያቴም ሁለት ወልዳ ነበር፤ ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም እንደዚያው።

“ሾተላይ ነው” አለች እናቴ። ሕፃናትን የሚበላው፣ ሁሉ የሚፈራው ክፉ ነገር ማለቷ ነው።

“ሾተላይ ከሆነ ሴቶቹን ለምን ተዋቸው?”

“እኔ ምን አውቄ። ሾተላይን አልጠየቅሁት።”

“ሰባት ቤት ስቆጥር ለምን አልነገርሽኝም?”

“የጠየቅኸኝ ስም ነው፣ ልጄ። እነሱ ስም የላቸውም።”

እውነቷን ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት የሞተ የክርስትና ስም የለውም፣ ፍትሐት አይደረግለትም፣ ዘር ሲቆጠርም አይቆጠርም። ቆጠራው በስም ነውና። በስምንተኛው ቀን ተቆርጦ በዘጠነኛው የሚሞት ልጅ ከቆጠራው ውጭ ይወድቃል። እናቴ አንድም ቃል ሳትዋሽ፣ እኔም አንድም ፊደል ሳልስት፣ በማስመሪያ የተሰመረ ውሸት ሠርተን ለሰው ሰጥተናል።

እሑድ ልጁ እንዳይገረዝ መንገር አለብን አልኳት። ምስሩን ትታ ተነሣች።

“አንተንስ ገርዘንህ የለ? ምን ሆንክ?”

በሩን ዘግታ ቀጠለች።

“ብታወጣው እህትህ ትፈታለች። አክስቶችህንም አስባቸው፤ የእነሱንም ልጆች የሚያገባ አይገኝም። በዚያ ላይ እናትህ በአማቾቿ ፊት ትዋረዳለች። ያጠባሁህ ጡት ይፍረድብህ።”

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ “ምን አለችህ?” ሲለኝ “ከአንተ በፊት አልወለድኩም አለች” ብዬ መለስኩ። የበሽተኞቹን መልስ ስጸየፍ የከረምኩት ሰው ይህን ተናገርኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ካርድ ላይ ማኅተም መታሁ።

ዓርብ ከሐኪሙ መጻሕፍት መካከል ስለሚወረስ በሽታ የሚያወራውን አወጣሁ። ምዕራፉን ለማግኘት አልቸገረኝም፤ ለመረዳት ግን መዝገበ ቃላቱን ብዙ ጊዜ ገለጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ጉድለት እናት ሳትታመም ትሸከመዋለች። ወንድ ልጅ በወለደች ቁጥር ለእያንዳንዱ ዕጣ ይወጣል፤ ግማሽ ለግማሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ ክፉው ወጣበት፤ ለእኔ ደጉ ወጣልኝ። “ምን ሆንክ?” ለሚለው የእናቴ ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። የእኔ መዳን ለእህቴ ልጅ ምንም አይመሰክርለትም።

ይህን እያወቅሁ ዓርብንም ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል፣ ለሐኪሙ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። “ሦስት ቀን” አለ ብቻ። ደብዳቤ ጻፈ፤ ልጁ እንዳይቆረጥ፣ ጡንቻው ላይ መርፌ እንዳይወጋ፣ ባሕር ዳር ተልኮ ደሙ እንዲመረመር። “ሲወለድ ጭኑ ላይ ተወግቶ ይሆናል” አለኝ። “ቦታው አብጦ እንደሆነ አስገልጠህ እይ። አሁኑኑ ደግሞ ደውልላቸው።”

ደወልኩ። የእህቴ ባል አነሣ። ከበስተጀርባው ሰው ይስቃል። “ጠላው ደርሷል፤ በል ነገ በጠዋት ድረስ” አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ አንበሳሜ ገባሁ። እናቴ ቅዳሜውኑ ሄዳለች። ግቢው ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው በአግዳሚ ላይ ተደርድሯል። የእህቴ ባል አባት ከሩቅ ሲያዩኝ “ኧረ ጸሐፊያችን መጣ! አስጠጉት” አሉ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ገራዡ ሽማግሌ ነበሩ። ምላጭ ከነወረቀቱ በሁለት ጣታቸው ይዘዋል።

“የሐኪም ቤት ሰው ነህ አሉ” አሉኝ። “ያው፣ ምላጩ አዲስ ነው፤ አንተው ፍታውና መስክርልኝ። ኋላ አያ እገሌ ያደፈ ምላጭ ይዞ መጣ እንዳትሉኝ።”

“ስንት ልጅ ገርዘዋል?” አላቸው ከእንግዶቹ አንዱ።

“እኔ ምን ቆጥሬ። ተመልሶ የከሰሰኝ ግን የለም” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

“ልጁ አይገረዝ” አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ነው፤ ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት። ሳቁ እያነሰ ሄዶ ቆመ። ቆሜ ነገርኳቸው፤ የእናቴ ሁለት ወንድሞች፣ የእኔም ታላቅ ወንድም፣ በተገረዙ ማግስት ደማቸው አልቆም ብሎ መሞታቸውን፤ በሽታው በሴቶቹ በኩል እንደሚወርድ፤ ሐኪም ደብዳቤ መጻፉን።

እናቴ ተነሣች። “አትስሙት” አለች። “መጽሐፍ አብዝቶ ነው። እንቅልፍም የለው።”

የእህቴ ባል አባት ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። ፈተው ዘረጉት።

“ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?”

“የእኔ ነው።”

“እዚህ ላይ የሞተ ሕፃን አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያ የቱ ነው ውሸቱ? ይሄ ነው ወይስ አሁን የምትለው?”

“ይኸኛው” አልኩና ወረቀቱን አመለከትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥንቃቄ የሠራሁት ነገር የለም።

 ሐኪሙ ያዘዘኝን አስታወስኩና የልጁን ጭን አሳዩኝ አልኩ። የባሏ እናት ሕፃኑን ከእህቴ መጋረጃ ውስጥ አውጥተው ጨርቁን ገለጡት። የተወጋበት ቦታ የሎሚ ያህል አብጦ ጠቁሯል። ቅቤ ተለቅልቆበታል፤ ቅቤው ላይ ዝንብ ተጣብቃ ትንፈራገጣለች። 

“መርፌው ነው ያስቆጣው” አሉ የባሏ እናት። “ካበጠ ጀምሮ አልጎደለም።”

ገራዡ ተጠግተው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ሰነዘሩና ሳይነኩት መለሱት። ከዚያ ምላጩን ኪሳቸው ከተቱ።

“ይሄን ልጅ እኔ አልነካም” አሉ።

“አይተው ያውቃሉ?” አልኳቸው።

“በዚህ አገር አራት ቤት አውቃለሁ። ሁለተኛ ሲጠሩኝ አልሄድም። አሞኛል እላለሁ።”

“ሌላ ገራዥ ይጠራሉ እኮ።”

“አዎ፣ ይጠራሉ።”

“ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?”

“የሰው ገመና ነው፣ ልጄ።”

ይህን ሲሉ በድምፃቸው ውስጥ ጸጸት አልነበረም። ጨዋነት ነበር። በዚያ ግቢ ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ፣ ከዝንቧም ከቅቤውም ይልቅ፣ ያ ጨዋነት ነው ያጥወለወለኝ። እናቴ ታውቃለች፤ አክስቶቼ ያውቃሉ፤ ሬሳዎቹን የገነዙት ሴቶች ያውቃሉ፤ ምላጭ የያዘው ሰው እንኳ ያውቃል። ነገሩን ያላወቁት የእኔ ወረቀትና ቀጥሎ የሚቆረጠው ልጅ ብቻ ናቸው።

የባሏ አባት ወረቀቱን እንደገና በላስቲክ ጠቀለሉ። “እንግዲህ ከየት ወገን እንደመጣ ታወቀ” አሉ። ልጁ ምን ይሁን አላሉም። ቀጥለው ወደ ሴቶቹ ዞረው “እንግዳ አይራብ፤ አቅርቡ” አሉ። ምግቡ ቀረበ። ሰውም በላ። ከመሶቡ ጠርዝ ስለ እህል ዋጋ ማውራት ሲጀምሩ ሰማሁ።

እህቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አራስ ናት፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። ልጁን ከአማቷ ተቀብላ ታቀፈችና ፊቴ ቆመች።

“መቼ ነው ያወቅኸው?”

“ረቡዕ።”

“ዛሬ እኮ እሑድ ነው።”

“እሑድ ነው።”

እጇን ዘረጋች፤ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ባሏ ሳይበላ ተነሣና ጋቢውን ደረበ። አብሬያችሁ ልምጣ ስላት “አንተ እማየን ይዘህ ተመለስ” አለችኝ። መንገዱ ዳር እነሱ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን ሚኒባስ ጠበቁ፤ እኔና እናቴ በሌላው ወገን ቆመን ወደ ደብረ ታቦር የሚመለሰውን ጠበቅን። እናቴ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስታይ ቆየች። ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን “ቀይ ነበር” አለች። “እንዳንተ ጥቁር አልነበረም።” ስለ የትኛው እንደምትናገር ገባኝ። 

እህቴ ረቡዕ ደወለች። ሐኪሙ የጠረጠረው ሆኖ ተገኝቷል። ልጁ ደም የሚያረጋው ነገር ይጎድለዋል። ሲያድግ ከምላጭም ከመውደቅም ይጠበቅ፣ እብጠት ባየሽ ቁጥር አምጪው ብለዋታል። የጭኑ እብጠት መጉደል ጀምሯል። ተገርዞ ቢሆን አይተርፍም ነበር ብሎ አንድ ሐኪም እንደነገራት ነገረችኝ።

“ስማኝ” አለችኝ ቀጥላ። “ለሰው መርፌ አስቆጥቶት ነው ብለናል። የባሌ አባትም በዚህ ተስማምተዋል፤ እኔንም ወደ እናቴ ቤት አልመለሱኝም። አንተም እንደዚያ በል።”

“ሐሙሲት ያለችው የአክስታችን ልጅስ?”

“ምን ሆነች?”

“እርጉዝ ናት። ሰባት ወሯ ነው።”

 ልጁ ሲጠባ ይሰማኛል።

“ሴት ትወልድ ይሆናል” አለች እህቴ።

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ከሦስት ቀን በፊት መንገድ ዳር ልጇን ታቅፋ ያየኋት ሴት ናት ይህን የምትለው። ተጸየፍኳት ብል እውነት ነው፤ እኔም ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ የኖርኩት እንደዚሁ “ይሆናል” እያልኩ መሆኑ ግን አልጠፋኝም።

በማግስቱ ከሐኪሙ ፈቃድ ጠይቄ ሐሙሲት ሄድኩ። አክስቴ ከበሩ ላይ አገኘችኝ። እናቴ ደውላላት እንደነበር ከአቋቋሟ አወቅሁ።

“ምነው በሥራ ቀን?” አለችኝ።

“ልጅሽን ፈልጌ ነው።”

“ተኝታለች።”

“እስክትነሣ እጠብቃለሁ።”

“ከተነሣች ደግሞ ገበያ ትሄዳለች።”

“አብሬያት እሄዳለሁ።”

አክስቴ በሩን ይዛ ቆመች። ግባ አላለችኝም፣ ሂድም አላለችኝም። ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ አልጋ ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ቀጥሎም የአክስቴ ልጅ በእንቅልፍ ድምፅ “ማን ነው?” አለች።

አክስቴ “ማንም አይደለም” አለቻት።

ተነሥቼ፣ በተቻለኝ መጠን ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሜን ተናገርኩ፤ የምነግርሽ ነገር ስላለ ውጪ አልኳት።